ወይን ስል ተክሉን ማለቴ ነው

ይድረስ ለምሳሳልህ አባቴ፤ ጥላህ ከደጃችን አይራቅና እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት አደረገህ? ብርዱ ሲገባ ደረጃውን እየተደገፍክ ነው የምትወርደው ወይስ ዛሬም አልደገፍም እያልክ እማዬን ታስጨንቃታለህ? ዓይንህስ ተሻለው? ጠብታውን ማን ያደርግልሃል? መቼም ለራስህ ከተተወ ግማሹን ጉንጭህ ላይ እንደምታፈሰው አውቃለሁ። እማዬ እንዴት ናት፣ ወገቧስ? የስፌት መኪናህስ ደህና ናት? እሷን ሳልጠይቅ ባልፍ ቅር ይልሃል፤ ከእኛ ሁሉ ቀድማ ቤት የገባች የበኩር ልጅህ ናት። እኔ ለጤናዬ ምንም አልል። እጄ ሻክሯል፣ ፊቴን ፀሐይ አጥቁሮታል፣ ክንዴ ጠንክሯል። የጎደለኝ ያንተ ድምፅ ብቻ ነው።

እትዬ፣ ይህን የምታነቢለት አንቺ ነሽና ከአሁኑ ልለምንሽ፤ በሞቴ አትዝለይ። አንቺ ረጅም ነገር ስታዪ ደህና ነኝ ትላለች ብለሽ ወረቀቱን የምታጥፊ ሰው ነሽ። የዛሬው እንዲያ የሚያልቅ አይደለም። በቃኝ ብሎ ቢነሳም እየተከተልሽ አንብቢለት፤ ጉልበቱን ስለሚያመው ሩቅ አይሄድም።

አባዬ፣ እኔ ስደውል ወደ ስልኩ መምጣት ከተውክ ወራት አለፉ። መጀመሪያ ተኝቷል አሉኝ። ቀጥሎ ጎረቤት ሄዷል አሉኝ፤ አንተ ደግሞ ሰው ቤት የምትውል ሰው አይደለህም። በኋላ እማዬን አፋጥጬ ስይዛት ሆዷ አልችል ብሎ ዘረገፈችው። ወይን ውስጥ የምትውል ልጅ የለችኝም፣ ስሟን አታንሱብኝ ብለሃል አሉ። ስሰማ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ግን አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ እዚህ በጤናዬ እየሠራሁ እዚያ ሰክሬ ከርሜያለሁ።

ነገርን ከሥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልህ። ሥራ የያዝኩ ሰሞን ለእማዬ ድምፄን በስልክ ቀርጬ ልኬላት ነበር። ያልኩት ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። ሥራ አግኝቻለሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ ወይን ውስጥ ነው የምውለው፣ ከጓደኞቼ ጋር እየዘፈንን ነው የሚመሸው፣ ማታ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ እየተንገዳገድኩ እገባና አልጋዬ ላይ እንደ ግንድ እወድቃለሁ፣ ጠዋት ስነሳ ትንሽ ራሴን ያዞረኛል፣ ግን እየለመድኩት ነው አልኩ። በተለይ ያቺ እየለመድኩት ነው የምትለዋ! አሁን መልሼ ሳስበው፣ እኔም አባት ብሆን እንዲህ ያለች ልጅ የለችኝም እል ነበር።

ጥፋቱ ግን የእኔም ያንተም አይደለም፣ የቋንቋችን ነው። ተክሉም ወይን፣ ፍሬውም ወይን፣ የሚጠጣውም ወይን። ወይን ጠጅ ብለን እንድንለየው ቃል ነበረን፤ ማን ምላሱን ያደክማል ብለን ግማሹን ጣልነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና እኔም ልመልሰው አልቻልኩም። እንግዲህ ስማኝ አባዬ፤ ወይን ስል ተክሉን ማለቴ ነው። ውጭ ሜዳ ላይ፣ ፀሐይና ነፋስ ላይ ነው የምውለው፤ ያንገዳገደኝም ድካሙ ነው። ሥራዬ መግረዝ ነው። መግረዝ ስልህ ደግሞ ሌላ ነገር ሰምተህ አዲስ ጠብ እንዳታመጣብኝ፤ የምንቆርጠው ቅርንጫፍ ነው።

በብርዱ ጊዜ የአምናውን ቅርንጫፍ እያነሳን፣ ቡቃያ የሚያወጣ አንጓ ብቻ እናስቀራለን። በጸደይ አዲሱን ለጋ ከሽቦው ጋር እናስራለን፤ ፍሬው ሲይዝ ደግሞ ፀሐይ እንዲያገኘው የሚጋርደውን ቅጠል እናነሳለን። ሁሉም በመቀስ ነው። አንተ ከመኪናህ አጠገብ ቁጭ አድርገህ፣ መቀስ የሚቆርጠው በጣት ሳይሆን በክንድ ነው ስትለኝ አልነበር? ሌሎቹ ጣታቸው አብጦ በጨርቅ ሲጠቀልሉ የእኔ ደህና ነበር። አለቃችን ይህን አይቶ ማን አስተማረሽ ቢለኝ አባቴ አልኩት። አባትሽ ወይን አላቸው ወይ አለኝ። የለም፣ አባቴ ልብስ ሰፊ ነው ብለው፣ ያው ነው፣ እሳቸውም የተረፈውን ቆርጠው ነው የሚያሳምሩት አለኝ። ይህን የምነግርህ እንድትታበይ አይደለም። ትንሽ ብትታበይም ግን አልከፋም።

ይኸው አለቃችን ዕድሜው ካንተ የሚቀራረብ፣ ቁጡ መስሎ ሆደ ቡቡ የሆነ ሰው ነው። መቀስ ከወገቡ ስለማይለየው ሁላችንም መቀሱ ነው የምንለው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ደግሞ ከሌላ ሀገር የመጣች፣ ሁሉን ነገር በሩጫ የምትሠራ፣ ሻይ እንኳ ሳይፈላ የምትቀዳ ናት። እኔ ችኩሏ ብያታለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ብነግራትም ደስ ብሏት ተቀበለችው። ክፍላችን ከበርሜል ሠሪ ሱቅ በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ከበታችን መዶሻው ቋቋቋ ይላል፣ ደረጃው የተላገ እንጨት ይሸታል። በርሜል ስልህም ገና ያልተሞላ ባዶ በርሜል ነው፤ አንተ ዘንድ አሁን እያንዳንዱን ቃል ማብራራት ሳይኖርብኝ አይቀርም።

እዚህ ሀገር አንድ ሲገርመኝ የከረመ ነገር አለ። ሰዎች ከየከተማው እየመጡ ለደስታ ብለው በእግራቸው ይሄዳሉ። እግራቸው ደህና ሆኖ ሳለ በሁለት እጃቸው ሁለት ዱላ ይይዛሉ። በወይኑ መሃል አልፈው፣ ጫካውን ሰንጥቀው፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ወዳለው ጥንታዊ ገዳም ይወጡና መልሰው ይወርዳሉ። ምን ልታደርጉ ስትላቸው፣ ምንም፣ ለመሄድ ነው ይሉሃል። ጎንበስ ብለን ስንሠራ በአጠገባችን እያለፉ እጃቸውን ያውለበልባሉ። እኔም አጸፋውን እየመለስኩ፣ አባዬ ቢያያቸው መኪና አምልጧቸው ነው እንጂ ጤነኛ ሰው እንዲህ አያደርግም ይል ነበር እላለሁ በሆዴ። ለካ አንድ ቀን እኔም ከእነሱ እቆጠር ኖሯል።

የሄድኩት ባንተ ምክንያት ነው። ስሟን አታንሱብኝ ካልክ በኋላ አንዲት ጥያቄ አምልጣሃለች አለችኝ እማዬ፤ ለመሆኑ እዚያ ሀገር የእግዜር ደጅ የለም ወይ ብለሃል አሉ። ሰው ለረሳው ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም ብዬ ደስ አለኝ። የወይኑ ፍሬ ለቀማ አልቆ እረፍት ሲሰጠን፣ ገዳሙን ማየት እፈልጋለሁ ብዬ መቀሱን አማከርኩት። እሱም ካገባበት ቀን ወዲህ ወጥቶበት እንደማያውቅ ነገረኝና እኔው ልውሰዳችሁ አለ። ሚስቱ ይህን ሰምታ ምን እንዳለችው አልነገረንም።

ማለዳ ከመቀሱና ከችኩሏ ጋር ተነሳን። አንተ የሰፋህልኝን ካፖርት ለበስኩ። የቀኙን ኪስ የመግረዣ መቀሴ በልቶት ነበር፤ ባስተማርከኝ ስፌት ጠግኜዋለሁ፣ ብታየው ግን ፈትተህ እንደገና እንደምትሰፋው አውቃለሁ። ዳቦ ቤቱ ጋ ትኩስ ዳቦ ገዝተን፣ በድንጋይ አጥሩ ሥር አልፈን ወደ ወይኑ ገባን። አባዬ፣ የምሠራበትን ቦታ ቀና ብዬ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ስንሠራ የምናየው አፍንጫችን ሥር ያለውን ብቻ ነዋ። ከፍ ብለን ዞር ስንል ኮረብታው ሁሉ በመስመር በመስመር ወርዷል፣ ባንተ መኪና የተሰፋ ነው የሚመስለው። ቅጠሉ ገሚሱ ቀልቷል፣ ገሚሱ ቢጫ ሆኗል። ያመለጡንን ዘለላዎች ወፎች ወርረዋቸዋል። እኔ የገረዝኩትን መስመር ከሩቅ ለየሁትና ለችኩሏ ላሳያት ስዞር፣ እሷ ቀድማን ሄዳ ኖሯል።

ጫካው ውስጥ ስንገባ ፀሐዩ ጠፋ፣ እግራችን የረገፈ ቅጠል ውስጥ ይሰምጥ ጀመር። መንገዱን የሚያሳየው ዛፍ ላይ የተቀባ ቢጫ ምልክት ነው። መቀሱ ምልክቱን እያየ ይሄዳል፣ ችኩሏ የምታየው ግን ወደፊት ብቻ ነው። ኑ በዚህ ነው ብላ ስትጠራን ተከተልናት፤ ምልክቱ ጠፋ፣ መንገዱም ጠፋ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባን። መቀሱ በቋንቋው ምን እንዳላት አላውቅም፣ የበረከት ግን አይመስለኝም። እንዲህ ስንደናበር ነው አንዲት ትንሽ ቤተ ጸሎት ላይ የወጣነው። ጣሪያዋ በአንድ ጎን ረግፏል፣ ግድግዳዋን ምንጣፍ የመሰለ አረንጓዴ ነገር ለብሶታል። የድሮ የወይን ሠራተኞች ከየማሳቸው የለቀሙትን ድንጋይ ተሸክመው የሠሯት ናት አለን መቀሱ። ውስጧ ያለቁ ሻማዎች ሞልተዋል። ሰው እዚህ የሚያበራው ስም ጠሪ ለሌላቸው ሙታን ነው ሲለኝ ራሴን ነቅንቄ አለፍኩ። ያኔ አላሰብኩትም።

ከዚያ ቢጫውን ምልክት መልሰን አገኘንና ገዳሙ በር ላይ ደረስን። በሩ ዙሪያ በድንጋይ የተቀረጸው ምን ይመስልሃል? ወይን ነው። ሐረጉ ከግራና ከቀኝ እየተጠማዘዘ ወጥቶ አናት ላይ ይገናኛል፣ ዘለላው ይታያል፣ ቅጠሉ ይታያል። ከታች ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ ሰው ጎንበስ ብሎ ቅርንጫፍ ይቆርጣል። የሚገባ የሚወጣው ሁሉ ሲዳስሰው ፊቱ ተፍቆ ጠፍቷል፤ ጀርባው ግን ልክ እንደ እኔ ጀርባ ጎብጧል። ይህን ነው ለአባዬ የምነግረው አልኩ። እዚያ ሀገር የእግዜር ደጅ አለ፣ በደጁም ላይ ያለችው ልጅህ ናት ልልህ አሰብኩ።

በረኛው ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው። መቀሱ ያንተን ነገር እንደ ጨዋታ አድርጎ ነገራቸው። እነሱ ቋንቋ ውስጥ ተክሉ ሌላ ስም፣ መጠጡ ሌላ ስም ስላለው፣ ሰው እንዴት በአንድ ቃል ሁለቱን ይጠራል ብሎ እየሳቀ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ችኩሏ ገና ሳይጨርስ ሳቀች። መነኩሴው ግን አልሳቁም። አዩኝና በመቀሱ በኩል አንድ ነገር ጠየቁኝ። አባትሽ ማንን ቀብረው ነው አሉኝ።

አባዬ፣ እኔ ስለ ጋሼ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጋሼ ለቀብር ሲወሰድ እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሆኖም ታላቅ ወንድምህን እረሳዋለሁ ወይ? ጫማ ሲሰፋ በአፉ ምስማር ይዞ የሚያወራን፣ ለእኔና ለእትዬ ከቁርጥራጭ ቆዳ ለአሻንጉሊታችን ጫማ የሚሠራልን እሱ አይደል? ማታ ሲመጣ በራችን ላይ ትጠብቀው ነበር። እፍ በልብኝ ትለዋለህ። እሱም እየሳቀ ጉንጩን ነፍቶ እፍ ይልብሃል። መጠጡ ሲሸትህ ፊትህን ታዞርና በሩን ትከፍትለታለህ። ከዚያ ጫማውን ታወልቅለታለህ። አንድም ቀን አልዘጋህበትም። መጠጡ ከጨረሰው ወዲህ ግን ስሙ ቤታችን ውስጥ ተነስቶ አያውቅም፤ የሚያነሳም ሲመጣ አንተ መኪናውን በእግርህ ትረግጥና ድምፁን ታጠፋዋለህ።

እዚያ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው ነገሩ የገባኝ። ወራቱን ሙሉ፣ ለጋሼ ያልተዘጋ በር ለእኔ ተዘጋ እያልኩ ሆድ ብሶኝ ነበር። ተቆጥተህ አይደለም ለካ። ፈርተህ ነው። በር ላይ ቆሞ ሁለተኛ ሰው ለማሽተት፣ ሁለተኛ ሰው ለመቅበር አቅም አጥተህ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ባንተ አልፈርድም፣ አንተ እባቡን አይተሃል። እኔ ግን ልጡ ነኝ አባዬ።

መነኩሴው መልስ አልጠበቁም። ውሃ አምጥተው አጠጡኝ። ስንወርድ ችኩሏ እንኳ ከኋላዬ በቀስታ ሄደች። ቤተ ጸሎቷ ጋ ስንደርስ ቆዩኝ አልኩና ገባሁ። ሻማ ያበራሁት ለአንተ አይደለም፣ አንተ ጠሪ አለህ። ለጋሼ ነው። ስሙን ከነአባቱ ስም ድምፄን አውጥቼ ጠራሁት፤ አባቱ ያንተም አባት ነውና አያቴንም አብሬ አነሳሁ ማለት ነው። ሰው በሌለበት ጫካ የእኛ ቤት ስም ሲሰማ ገረመኝ። መቀሱ ባርኔጣውን አውልቆ ውጭ ጠበቀኝ። ሳላስፈቅድህ ስሙን በማንሳቴ ብትቀየመኝ እችለዋለሁ።

አንድ ነገር ደብቄ ብቀር ግን ይህ ሁሉ ወረቀት ከንቱ ነው። ለቀማው ያለቀ ዕለት የወይን እርሻው ባለቤት ሚስት ወይን ጠጅ ለሁላችንም ቀድታ ነበር፤ አንድ ጉንጭ ቀመስኩ። ኮመጠጠኝ፣ ፊቴን ሳጨማድድ ሁሉም ሳቁብኝ፣ ብርጭቆዬን ችኩሏ ጨረሰችልኝ። ያለው ይኸው ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው።

እማዬ፣ ወገብሽን ይማርልኝ፤ ዕቃ ማንሳቱን ለእትዬ ባል ተዪለት፣ ትከሻው ለጌጥ አልተሰጠውም። እሱንም በጣም አድርጋችሁ ሳሙልኝ። እትዬ፣ ልጆችሽን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፤ ትንሿ ጥርስ አበቀለች ወይ? ወንድሜ ስልክ ላይ ሁለት ቃል ተናግሮ የሚሸሸውን ልማድ ይተው በሉት። ጎረቤታችን ባለሱቋን፣ ሰከረች የተባለችው ልጅ ሰላም ትልሻለች በሏት፤ ወሬው በእሷ በኩል ሳያልፍ እንዳልቀረ አውቃለሁና።

ለአንተ ግን ሰላምታዬን በቃል አልልክም። እትዬ፣ አሁን ፖስታውን ገልብጪው። የሚወድቀው ቅጠል እኔ ከምሠራበት መስመር ላይ የቆረጥኩት ነው፤ መዳፉ ላይ አስቀምጪለት። አባዬ፣ ዓይንህ ቢደክምም አፍንጫህ አልደከመም። ወደ ፊትህ አስጠጋው። በርህ ላይ ቆሜያለሁ፣ ይኸው እፍ አልኩብህ። መጠጥ ከሸተተህ እንዳልከው ይሁን፣ ስሜ አይነሳ። ቅጠል ብቻ ከሸተተህ ግን እሁድ ከምሳ በኋላ ስደውል ስልኩን አንተ አንሳው። ምንም መናገር አይጠበቅብህም። ጆሮህ ላይ ያዘውና አንተም አንዴ እፍ በልብኝ።

ልጅህ
ከወይኑ ኮረብታ ሥር፣ ከበርሜል ሠሪው ሱቅ በላይ
ጥቅምት ፲፰ ቀን